ያልዘጋኸው ዲስክ

ሰይድዬ፣ አሰላሙ ዐለይኩም።

መቃብርህ ጋ ስመጣ ሰላም ብዬህ፣ ዱዓዬን አድርሼ፣ የቤቱን ወሬ ባጭሩ ነግሬህ እመለሳለሁ። የዛሬው ወሬ ግን ባጭሩ የሚያልቅ አልሆነልኝም። ደግሞም ለብቻዬ ቆሜ እየሳቅሁ ሳወራ ያየኝ ሰው «ፋጡማ ለየላት» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ እንዳያዳርስብኝ ፈራሁና ወረቀት አነሣሁ። ከተለየኸን እነሆ ሦስተኛው ረመዳን አለፈ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ እሱ የአላህ ጉዳይ ነው። እንደማውቅህ ግን ደህና ቦታ ነው ያለኸው። ሰው አስከፍተህ አታውቅም፣ ከእኔ በስተቀር፤ እኔ ደግሞ ያኔውኑ አፉ ብዬሃለሁ።

እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ከፋብሪካው ጡረታ ወጥቻለሁ። ጠዋት የፈረቃው ሰርቪስ ጡሩምባ ሲሰማ እግሬ አሁንም ጫማ ይፈልጋል፤ ከዚያ የሚጠብቀኝ ማሽን እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ወደ ሌላው ጎኔ ተገልብጬ እተኛለሁ። እንዴት ያለ ጣፋጭ እንቅልፍ መሰለህ! በረንዳው ተለስኗል፤ «የሚመጣው በጋ» እያልክ ዕድሜህን ሙሉ ስታሳልፈው የኖርከው በረንዳ ማለቴ ነው። ደሴ ፒያሳ ያለው የቪዲዮ ሱቅህ የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ታፔላህ የተሰቀለበት ምስማር ግን እስካሁን አልተነቀለም፤ በዚያ ሳልፍ ቀና ብዬ አየዋለሁ።

ትልቁ ወሬ ግን ሐያታችን ተዳረች። ኒካሑ የታሰረው በዚህ ወር ነው፤ የሴቶቹ እልልታ ገና ከጆሮዬ አልወጣም። ባሏ ጀማል ይባላል፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደቡ ላይ ይሠራል። ሰው አክባሪ፣ ሳቂታ፣ ትንሽ ችኩል ልጅ ነው። ብታየው ትወደው ነበር። መጀመሪያ ግን አንድ ሁለት ጊዜ ትገላምጠው ነበር፣ አውቅሃለሁ። ስለ ሠርጉ የሚወራው ብዙ ነው፤ ዛሬ የምነግርህ ግን ስለ ዲስኩ ነው። የቱ ዲስክ እንዳትለኝ። ያልዘጋኸው ነዋ።

ነገሩ የተጀመረው ሽማግሌዎቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ ነው። ሐያት አጠገቤ ቁጭ ብላ ምስር ስትለቅም ቆየችና በድንገት እጇን አቆመች። «እማ፣ የአባ ድምፅ ጠፋኝ» አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ ብጠይቃት፣ ፊትህ ይመጣልኛል አለች፣ አረማመድህም ይመጣልኛል፤ ስሟን ስትጠራት እንዴት እንደነበር ግን ለማስታወስ ብትሞክር ብትሞክር እምቢ አላት። ከዚያ ምስሩ ላይ አለቀሰች። ለሠርጓ ከእኔ ሌላ ምንም ስጦታ እንደማትፈልግ ነገረችኝ፤ ከቤት ከመውጣቷ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ አባቷ ሲጠራት መስማት ነው የምትፈልገው። እኔም «አብሽሪ፣ ይገኛል» አልኳት። ከየት እንደሚገኝ ግን አላህ ያሳይህ፣ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

ያንተ ነገር ደግሞ! የግማሽ ወሎን ሠርግ የቀረጽክ ሰው፣ አንተ ራስህ የትም የለህም። ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነህ። በእጃችን ያለው ፎቶ መታወቂያህ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ እሱም ጥርስህን ባመመህ ቀን የተነሣኸው ይመስላል። ድምፅህ የነበረበት ስልክ ደግሞ ካንተ በኋላ ብዙም አልቆየም፣ ውሃ ገብቶበት ቀረ። እንደዚህ እያሰብኩ ነው ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያስቀመጥከው፣ ዲስኩ ያለበት ነጭ ፖስታ ትዝ ያለኝ። በወፍራሙ ጥቁር እስክሪብቶህ «ሐያት» ብለህ የጻፍክበት።

በየዒዱ የምታደርገውን ታስታውሳለህ? ልጅቷን አዲስ ልብሷን አልብሰን ግድግዳው አጠገብ እናቆማታለን። አንተ ካሜራህን ቴሌቪዥኑ ሥር ከነበረው ከጥቁሩ ሪከርደር ጋር በገመድ ታያይዘዋለህ፣ ሪከርደሩ በቀጥታ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ዒድ በመጣ ቁጥር ትንሽ ይጨመርበታል። ልጅቷ እያደገች ጫማዋና ቀሚሷ ይቀየራል፣ ዲስኩ ግን ያው አንዱ ነው። እኔ «ዝጋውና እናቴም ቤት ወስደን እናሳያት» ስልህ «ሠርጓ ይቀራል፣ እሱን ሳልጨምር አልዘጋውም» ትለኝ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ እያየህ ሠርጓን ታስባለህ!

ዲስክ መዝጋት ምን እንደሆነ የነገርከኝም ያኔ ነው። ሪከርደሩ መጨረሻ ላይ የጻፈውን ሁሉ የሚያሳይ ማውጫ ካላተመበት፣ ዲስኩ የሚገባው ለጻፈው ማሽን ብቻ ነው፤ ሌላው ማጫወቻ ባዶ ይመስለዋል። ከተዘጋ ግን የትም ወስደህ ታየዋለህ። ግን ደግሞ ከተዘጋ በኋላ አንዲት ደቂቃ እንኳ መጨመር የለም።

እኔ እኮ ይህን ሁሉ የተማርኩት እራት ላይ ነው። ሌላው ባል ስለ ጎረቤት ሲያማ፣ የኔው ስለ ዲስክ ያወራል። ዘፈን ሲዲ ይበቃዋል፣ ሠርግ ግን ዲቪዲ ይፈልጋል። «አር» የተባለው አንዴ ነው የሚጻፍበት፣ «አርደብሊው» የተባለው እየጠፋ ይጻፍበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስረዳኝ ገብቶኝ «እንግዲህ አንዱ የእናቴ አንገት ላይ እንዳለው ንቅሳት ነው፣ አንዱ ደግሞ ሂና ነው በለኛ» አልኩህ። አንተ በሳቅ ፈረስክ። ከዚያ በኋላ ሱቅህ ለሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ንቅሳትና ሂና እያልክ የራስህ ፈጠራ አድርገህ ስታወራው እንደነበር አልሰማሁም መሰለህ? ሰምቻለሁ።

የማይነሱና የፕላሱስ ነገር! ከአዲስ አበባ በካርቶን ያስመጣኻቸው ዲስኮች ሪከርደሩ አልቀበልም ብሎ አንድ በአንድ ሲተፋብህ፣ ቀኑን ሙሉ መሳቢያውን ስታጸዳ፣ በመጨረሻም ማሽኑን በጥፊ ስትመታ አይቼሃለሁ። ለካ ዲስኮቹ «ፕላስ» የሚባለው ዓይነት ናቸው፣ ሪከርደሩ ደግሞ «ማይነስ» የሚባለውን ብቻ ነው የሚበላው። ሁለቱም ላይ በግልጽ ተጽፏል። ምን ትሁን፣ ካርቶኑን እንዳለ ለእህትህ ለእትዬ ዘይነባ ሰጠሃቸው፤ አገራቸው ቢስቲማ ወስደው ማሽላቸው ውስጥ በክር አንጠለጠሉት፣ ወፍ ሊያባርሩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንም ሰው ማሽን ሲበላሽ «መጀመሪያ ፊቱን አንብቡ» ማለት ጀመርክ፣ አንተ ስታነብ የኖርክ ይመስል።

እንግዲህ ፖስታውን አወረድኩና ለሐያት ሰጠኋት። ጀማል ያኔ እጮኛዋ ነው፤ ላፕቶፑን ተሸክሞ እየሮጠ መጣ። ዲስኩን በአንድ እጁ፣ ላፕቶፑን በሌላ እጁ ይዞ አገላበጠ፣ አገላበጠ። የሚገባበት ቦታ የለውም! ያሁን ላፕቶፕ መሳቢያ የሚባል ነገር የለውም፣ ሰይዶ። ልጁ አፍሮ «ነገ አመጣለሁ» ብሎ ሄደና በማግስቱ ከመሥሪያ ቤት ጓደኛው በገመድ የሚሰካ ድራይቭ ተውሶ መጣ። ሰካው፤ ዲስኩን አስገባው፤ ተሽከረከረ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። አወጣው፣ በሸሚዙ ጠረገው፣ መልሶ አስገባው። እኔ ያንተን ነገር አስታውሼ መነጽሬን አደረግሁና የድራይቩን ፊት አየሁት። የሲዲ ምልክት ብቻ ነው ያለው። ሲዲ ብቻ የሚያነብ ማሽን ዲቪዲ ብትሰጠው ምን ያድርግ? ጀማል ቀላ፣ ሐያት ሳቀች፣ እኔም አንተ ማሽኑን በጥፊ የመታህበትን ቀን ነገርኩትና ተጽናና። በዚያ ቀን ነው ልጁ ቤተሰብ የሆነው።

ከዚያ ዲስኩን በቦርሳዬ ይዤ ደሴ ወጣሁ። ከድሮው ሱቅህ ትንሽ ዝቅ ብሎ አሁንም ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ፍላሽና ዲስክ የሚገለብጥ አንድ ጎልማሳ አለ። የሱ ኮምፒውተር ፊት ላይ ግን ሁሉም ተጽፏል፤ ዲቪዲ፣ አር፣ አርደብሊው፣ ማይነሱም ፕላሱም። ደስ አለኝ። በቃ ተገኘ አልኩ። ሰውየው ዲስኩን አስገባ፣ ትንሽ ጠበቀና ዞር አለ። «ባዶ ነው እናቴ፣ ምንም የለበትም። ከፈለጉ ጥሩ መንዙማ ልጻፍልዎት?» አለኝ።

ወላሂ ሰይዶ፣ እጄን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኜ «እንዳትነካው! አውጣልኝ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ያልተዘጋ ዲስክ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ መንዙማ ጻፍበት ብዬው፣ ያንተ ድምፅ ምን እንደሚሆን አላህ ይወቅ። ዲስኩን በጠርዙ ይዤ ወደ በሩ ወጣሁና ጀርባውን ወደ ብርሃኑ አዘነበልኩት። አንተ ሁልጊዜ እንዲያ ታደርግ ነበርና። አየሁት! ከመሀሉ ጀምሮ ሰፊ፣ ጠቆር ያለ ቀለበት አለ፤ ዳር ዳሩን ብቻ ቀጭን፣ ፈዘዝ ያለ ክር ቀርቷል። የጠቆረው የተጻፈበት ነው፣ ቀጭኗ ክር ደግሞ ያላለቀችው ቦታ ናት። ዲስኩ ባዶ አይደለም። በሩ ላይ ቆሜ ብቻዬን «አልሐምዱሊላህ» አልኩ።

ሰውየውም ተከትሎኝ ወጥቶ አየው። ደግ ሰው ነው፤ «ይቅርታ እናቴ፣ ይሄ ሳይዘጋ የቀረ ነው። የኔ ማሽን አይገባውም። የጻፈው ራሱ ካለ እሱን ያግኙ፤ ሌላ ቦታም አያስሞክሩት» ብሎ መከረኝ። የጻፈው ራሱ! እሱ ደግሞ የት እንደሄደ አስታወስኩ። የመጨረሻው ዒዳችን አልፎ፣ እትዬ ዘይነባ የመንዙማ ዲስክ እያላቸው ማጫወቻ የለኝም ብለው ሲያዝኑ «እኛ እስክንፈልገው እርስዎ ጋ ይቀመጥ» ብለህ ቢስቲማ ልከህላቸው ነበር።

በማግስቱ ከሐያት ጋር ቢስቲማ ሄድን። ደርሰን ገና ከሚኒባስ ስንወርድ ከሩቅ ምን አየሁ መሰለህ? በእትዬ ዘይነባ ማሽላ መሀል ያ የፕላስ ዲስክህ ሁሉ እየዞረ ያብረቀርቃል። ወፎቹ ግን ለምደውታል፤ አንዷ ክሩ ላይ ቁጭ ብላ ነበር።

እህትህ ደህና ናቸው። በጣም ያነሱሃል። ቤት ገብተን ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ እንባው አለቀና ሪከርደሩን ጠየቅኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። «ሰዓቴን ልትወስጂብኝ ነው የመጣሽ?» አሉኝ። እኔ ግራ ገባኝ። ለካ ቴሌቪዥናቸው ከተቃጠለ ቆይቷል፤ ሪከርደሩ ግን መደርደሪያው ላይ በራሳቸው እጅ የተሠራ ዳንቴል ለብሶ፣ አረንጓዴ ቁጥሩን እያበራ ተቀምጧል። ሰዓት መስሎህ ይሆናል። ሰዓት አይደለም። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቁጥሩ ከዜሮ ይጀምርና መቁጠር ይቀጥላል። ስለዚህ የሚናገረው መብራቱ ከመጣ ስንት ጊዜ እንደሆነው ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ይህንን ያውቃል፤ እህል ሊያስፈጭ የሚሄድ ሰው ሳይቀር በመስኮት አንገቱን አስገብቶ «እትዬ ዘይነባ፣ መብራቱ ከመጣ ስንት ሆነው?» ብሎ ጠይቆ ነው የሚያልፈው። ብዙ ከቆየ ሊሄድ ነው ይሉና ይቸኩላሉ። አጃኢብ አይደለም? ሪከርደርህ ቢስቲማ ውስጥ ሥልጣን አግኝቷል።

ሐያት ግን አልሳቀችም። አክስቷ እግር ሥር ተቀምጣ ለምን እንደመጣን ነገረቻቸው፤ ያንተን ድምፅ መርሳቷን ጭምር። እትዬ ዘይነባ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ ተነሡና ዳንቴሉን አነሡ፣ ሪከርደሩን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ለሐያት አስታቀፏት። «የኔንም ወንድም አሰሚኝ እንጂ» አሉ። አብረውን ሊመጡ ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ እኔም ለጎረቤቶቻቸው የግድግዳ ሰዓት እንደምገዛ ቃል ገባሁ።

ስንመለስ ሪከርደሩ ጭኔ ላይ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ በየጠመዝማዛው ደረቴ ላይ ይደገፋል። መጀመሪያ ገዝተኸው ከደሴ ያመጣህ ቀን አንተም እንዲሁ ጭንህ ላይ አድርገኸው ነው የወረድነው፤ ሰው ሁሉ ምን እንደሆነ ሲጠይቅህ «የልጄ ነው» ትል ነበር። ያኔ ሐያት ገና መናገር አልጀመረችም። ናፈቅኸኝ። እዚያ ሚኒባስ ውስጥ፣ ሰው መሀል፣ በጣም ናፈቅኸኝ።

ቤት ገብተን ጀማል ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተጋድሞ ገመዱን ሰካ፣ ቢጫውን ለምስል፣ ቀይና ነጩን ለድምፅ። ስንሰካው አረንጓዴው ቁጥር በራ። እትዬ ዘይነባ «ዜሮ አለ፣ አሁን ነው የመጣው» ብለው አስረዱን። መሳቢያው መጀመሪያ አልወጣም፤ ከዚያ እያንገራገረ፣ እንደ እኔ ጉልበት እየተንቋቋ ወጣ። ዲስኩን ሐያት አስቀመጠችው። ማሽኑ እያነበበ ነው የሚል ጽሑፍ ወጣና ቆመ። አሽከረከረ፣ ዝም አለ፣ እንደገና አሽከረከረ። ሌንሱ ሞቶ ቢሆንስ? ስንት ዓመት ዳንቴል ሥር የተቀመጠ ማሽን ነው። ሐያት ዓይኗን ጨፍና ነበር።

መጣ። ዒዶቹ ሁሉ በትንንሹ ተደርድረው ስክሪኑ ላይ ወጡ። ጀማል የመጀመሪያውን ተጫነ። ግድግዳችን ታየ፣ ያ የድሮው ሰማያዊ ቀለም፤ ሐያት ሮዝ ቀሚሷን ለብሳ ጣቷን ትጠባለች። ከዚያ ያንተ ድምፅ፦ «ፋጤ፣ ይሄ ነገር እየቀዳ ነው?» ከሩቅ ደግሞ የእኔ ድምፅ፦ «እኔ ምን አውቄ!» ከዚያ ትንሽ ሳቅህ። ከዚያ፦ «ሐዩ! ሐዩዬ፣ ወዲህ እይ። አባን እይ።»

ሐያት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «እሱ ነው፣ እማ፣ እሱ ነው» አለች፣ ሌላ ሰው ሊሆን ይችል የነበረ ይመስል። እትዬ ዘይነባ «ወንድሜ፣ ወንድሜ» እያሉ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዙ። እኔ ጓዳ ገብቼ በሻሼ አለቀስኩ። ግን ብዙም አልቆየሁም፤ የሚቀጥለው ዒድ እንዳያመልጠኝ ተመልሼ መጣሁ። ሁሉንም አየን፣ ደግመን አየን። በየዒዱ «ሐዩ፣ ወዲህ እይ» ትላታለህ። በየዒዱ እኔ ከኋላ ሆኜ አንድ ነገር እነዘንዛለሁ። እንዲያ ነበር ድምፄ? ለምን አልነገርከኝም? ጀማል ለክፉም ለደጉም ብሎ ከቴሌቪዥኑ ላይ በስልኩ ቀረጸው፤ ችኩል ነው አልኩህ እንጂ ሞኝ አላልኩህም። ምስሉ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ሲያስነጥስም ይሰማል። የምንፈልገው ዲስኩን ነው።

እና ያቺ ቀጭን ክር ነበረች፣ ያልተጻፈባት። ሠርጓን ልትጨምርባት ያስቀረሃት። ጥቂት ደቂቃ ናት። ሠርጉን የሚቀርጹ ሁለት ልጆች ከነድሮናቸው ተይዘዋል፣ ጀማል «እነሱ ካነሡት ላይ እንጨምራለን» አለኝ። እምቢ አልኩ። በዚህ ዲስክ ላይ የሚጨመር በቤቱ ካሜራ፣ በቤቱ ሰው ነው አልኩት። ካሜራህን አልጋ ሥር ካለው ሳጥን አወጣሁት። ባትሪው ሞቷል፣ በሶኬት ግን ይሠራል።

የሠርጉ ዕለት እንግዲህ ድንኳኑ ውጭ፣ ዘፈኑ ውጭ፣ ድሮኑ ሰማይ ላይ፤ እኔ ደግሞ ሳሎን ውስጥ አጭር ገመድ ላይ ታስሬ ቆሜያለሁ። ካሜራው ወደ ሠርጉ መሄድ ስላልቻለ ሙሽራዋ ወደ ሶኬቱ መጣች። እንግዶች በር ላይ ተኮልኩለው ይስቃሉ። ሐያት ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ እንደ ልጅነቷ ግድግዳው አጠገብ ቆመች። ማሻ አላህ፣ እንዴት እንደምታምር ብነግርህ አታምነኝም። ብቻ ዲስኩ ላይ አለች።

እኔ ካሜራ ይዤ አላውቅም። ቀዩ መብራት በርቷል አልበራም ብዬ ግራ ተጋባሁ። ያኔ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? ሳላስበው፣ ዞር ብዬ፣ ሳሎናችን ውስጥ እንዳለህ ሁሉ «ሰይዶ፣ ይሄ ነገር እየቀዳ ነው?» አልኩ። በሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቃቸውን አቆሙ። እኔ ምን እንዳልኩ ሲገባኝ ካሜራውን ላወርደው ነበር። ሐያት ግን ከግድግዳው አጠገብ፣ እንባዋ ኩሏን እያበላሸባት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እኔ ምን አውቄ!» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እትዬ ዘይነባ እልልታውን አቀለጡት። እኔም እየሳቅሁና እያለቀስኩ አንተ የምትለውን አልኩላት፦ «ሐዩዬ፣ ወዲህ እይ። አባን እይ።» አየችኝ። ከዚያ ሪከርደሩ ዲስኩ ሞልቷል አለ።

የዘጋሁት ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። የደሴው ሰውዬ፣ ሲዘጋ መብራት ከሄደ ዲስኩ ሊበላሽ እንደሚችል አስጠንቅቆኝ ነበር። መብራቱ እስኪረጋ ጠበቅን። እትዬ ዘይነባ ሙስበሓቸውን እየቆጠሩ አረንጓዴው ቁጥር ፊት ተቀመጡና «ገና ነው፣ አሁን አይሄድም፣ ተጫኚ» ብለው ፈቀዱልኝ። ከዚህ በኋላ መጨመር አይቻልም፣ ይዘጋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ ማሽኑ። ጣቴ ትንሽ ቆመች፤ ክፍት እስከሆነ ድረስ ሥራህን ጨርሰህ ያልሄድክ ይመስለኝ ነበርና። ግን ልጅቷ ተዳረች፣ አንተ የምትጠብቀውም እሱን ነበር። ቢስሚላህ ብዬ ተጫንኩት። መብራቱ አልሄደም። ተዘጋልህ፣ ሰይዶ።

ደሴ ይዤው ሄጄ ያ ባዶ ነው ያለው ኮምፒውተር ከፈተው። የጎረቤታችንም ማጫወቻ ከፈተው። ለሐያት አንድ፣ ለእህትህ አንድ አስገለበጥኩላቸው። ሪከርደሩ ወደ ቢስቲማ ተመልሷል፤ የገዛሁት የግድግዳ ሰዓት መብራት ከመጣ ስንት እንደሆነው ስለማይናገር ጎረቤቱ አልወደደውም።

ዋናው ዲስክ እኔ ጋ ነው። ማታ ማታ ቡናዬን ስጠጣ አስገባዋለሁ። አንተ «ፋጤ፣ እየቀዳ ነው?» ብለህ ትጀምራለህ፣ እኔ «ሰይዶ፣ እየቀዳ ነው?» ብዬ እጨርሳለሁ፣ መሀሉ ላይ ልጃችን ታድጋለች። ድምፅህ ከእንግዲህ ከዚህ ቤት አይጠፋም፤ ለዚህ ቃሌን ሰጥቼሃለሁ። የልጅ ልጅ ሲመጣም ድምፄን ሳይሰማ ያድጋል ብለህ አትስጋ፤ አጠገቡ ቁጭ አድርጌ ዲስኩን እከፍትለታለሁ፣ አንተ «ወዲህ እይ» ትለዋለህ፣ እሱም ያያል። እኔም እዚያ እስክመጣ ድረስ ከዚህ ስጠራህ ጆሮህን ስጠኝ። እየቀዳ ነው፣ ሰይድዬ። አሁን አውቄያለሁ።

ያንተው ፋጤ